መሪጌታን በባዶ ስማቸው

(ፍኖተ ሰላም፣ የአንድ ደብር ጽሕፈት ቤት። አለበል በኮምፒውተር ሠራተኛነት ለመቀጠር ዛሬ ይፈተናል። ፈታኙ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ዓይናቸው ደክሟል፤ በግድግዳው ማዶ፣ ከዚሁ ኮምፒውተር ጋር በተያያዘው ሁለተኛ ስክሪን ፊት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ፊደሉን ማንበብ ከቻሉ ይቀጠራል። የቢሮው ተላላኪ ያይኔአበባ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጣለች።)

ያይኔአበባ፦ አልጽፍም አልኩህ! መሪጌታን ያህል ሰው በባዶ ስማቸው?

አለበል፦ እትዬ ያይኔ፣ እሳቸውን አይደለም፣ ፕሮፋይሉን ነው የምንጠራው! ፊደሉ ትልልቅ፣ መደቡ ነጭ እንዲሆን የሠራሁት ፕሮፋይል ስሙ «ሃይለ ሚካኤል» ነው።

ያይኔአበባ፦ በማውሱ ነካ አድርገህ አትለውጠውም?

አለበል፦ ማውስ የሕፃን ነው! የሊኑክስ ሰው ተርሚናሉን፣ ይኼን ጥቁሩን የመጻፊያ መስኮት፣ በትዕዛዝ ነው የሚለውጥ። ይጻፉ።

ያይኔአበባ፦ አንተስ እጅ የለህም?

አለበል፦ ባለሙያ ይናገራል እንጂ አይጽፍም።

(እያጉረመረመች ትጽፋለች።)

አለበል፦ «እንዲህ የሚባል ፕሮፋይል የለም» አለ! ምን ብለው ጻፉ?

ያይኔአበባ፦ «ክቡር መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል»።

አለበል፦ ማሽን ማዕረግ አያውቅም እኮ!

ያይኔአበባ፦ አሳዳጊ የበደለው ነዋ።

አለበል፦ ይነሱልኝ! (ራሱ ይጽፋል።) ይኸው፣ ባዶ ስም።

ያይኔአበባ፦ ያው ጥቁር ነው።

አለበል፦ (ደግሞ ይጽፋል።) እንዴ! አሁንስ የምጽፈውም አይታይ!

ያይኔአበባ፦ ተቀይሞ ይሆናል።

አለበል፦ ማን?

ያይኔአበባ፦ ፕሮፋይሉ። እስቲ አንቱ በለው።

አለበል፦ ኪቦርዱ ሞቷል እንጂ ምን ይቀየማል!

ያይኔአበባ፦ ሄደን መሪጌታን እንንገራቸው።

አለበል፦ እሳቸው ምን ያውቃሉ? እንዲያውም የማይታይ ከሆነ የልቤን ልጻፍበት። (እየሳቀ ይጽፋል።) «እኒህ ሽማግሌ ስክሪን ከመስኮት አይለዩም። ይቅጠሩኝ ብቻ፤ ጠዋት ጠዋት እስኪበቃኝ እተኛለሁ።»

ያይኔአበባ፦ ኧረ ተው አንተ ልጅ!

አለበል፦ ማን ሊያየው? እኔ ራሴ አላየሁት!

መሪጌታ፦ (ከግድግዳው ማዶ) አለበል!

አለበል፦ አቤት መሪጌታ!

መሪጌታ፦ ተባረክ ልጄ! እዚህ ነጭ መስኮት መጣልኝ። ፊደሉ የጣት ያህል ነው፤ አንድም አልጠፋኝ።

አለበል፦ (በኩራት) አዩ እትዬ? ለካ ትዕዛዙ ይኼን መስኮት አይለውጥም፤ አዲስ ነው የሚከፍት! ወዲያ ማዶ ከፍቶላቸው፣ የምጽፈውም ሁሉ እዚያው... (ፈገግታው ይደርቃል።) እዚያው...

ያይኔአበባ፦ እዚያው።

አለበል፦ (በሹክሹክታ) እትዬ፣ እርስዎ ነዎት የጻፉት ይበሏቸው!

ያይኔአበባ፦ እኔ ጠዋት የምተኛበት ቤት መቼ አለኝ?

መሪጌታ፦ (እየጮኹ ያነባሉ) «ጠዋት ጠዋት እስኪበቃኝ እተኛለሁ።»

አለበል፦ መሪጌታ፣ እሱ እንኳ የማሽኑ...

መሪጌታ፦ አይዞህ ልጄ፣ ማን ይቀሰቅስሃል? ከሰዓትም ተኛ።