ክብደታቸውን ያላመኑት ጋሼ ይጣራ

ፈጣሪ በየሰፈሩ አንድ ተጠራጣሪ ሳያስቀምጥ አልተወም፤ ሌሎቻችን ሁሉን አምነን እንዳንጠፋ ይሆናል። የእኛ ሰፈር ድርሻ ጋሼ ይጣራ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን፤ ማን እንዳወጣው ግን እስከ ዛሬ እያጣሩ ነው።

ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን የፈጁት በመጋዘን ኃላፊነት ነው። ተመዝኖ የገባን ጆንያ ደግመው ሳያስመዝኑ አይረከቡም። ሰማይ ቢያጉረመርም እንኳ ዝናብ መሆኑን ሳያረጋግጡ ጃንጥላ አይዘረጉም።

ባለቤታቸውን ግን ሐሳብ ገብቷታል። ሰውዬው ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ቆመው ግድግዳውን መመርመር አብዝተዋል፤ እርሷ ደግሞ ትንፋሽ እንዳጠራቸው አላጣችውም። ለምና፣ ተቆጥታ፣ በመጨረሻም አኩርፋ ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው።

ጋሼ ይጣራ ከያዙት ፌስታል ክብደቱ የታወቀውን የመጋዘኑን የብረት መመዘኛ አወጡና አስቀድመው እርሱን የጤና ጣቢያው ሚዛን ላይ አኖሩት። ሚዛኑ ልክ ሆኖ ተገኘ። ፊታቸው ጠቆረ።

ነርሷ ክብደታቸውን ለቁመታቸው፣ ውጤቱንም እንደ ገና ለቁመታቸው አካፈለች። “ጋሼ፣ የክብደትና የቁመት ምጣኔዎ ከሠላሳ በላይ ነው። ይህ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል፤ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመም ያጋልጣል።”

“ክብደቴን ያካፈልሽው ለየትኛው ቁጥር ነበር?”

“ለቁመትዎ።”

“እንግዲያው ጥፋቱ የቁመቴ ነው። ይጣራ።”

ተጣራ። ክቡርነታቸው አንገታቸውን አስግገው ተረከዛቸውን ሊያነሱ ሲሉ ባለቤታቸው ትከሻቸውን ተጫነች።

“ኧረ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ልታድግ ነው?”

ጋሼ ይጣራ ወደ ነርሷ ዞሩ። “እስቲ እርሷን ለኪያት። ቀጭን ናት፤ መሣሪያሽ ምን እንደሚል እንይ።”

ተለካች። ምጣኔዋ ደኅና፣ የደም ግፊቷ ግን ከፍ ያለ ሆነ። ጋሼ ይጣራ “ይጣራ” ሳይሉ ሚስታቸውን ከራስ እስከ እግር አዩአት።

“እንዲህ ቀጥና?”

“ቁጥሩ ጠቋሚ እንጂ ፈራጅ አይደለም፣ ጋሼ። ቀጭንም ይታመማል። ወገቡም፣ ግፊቱም፣ ስኳሩም አብሮ የሚታየው ለዚህ ነው። በሳምንቱ ትምጣና ደግሜ ልለካት። እስከዚያው ሁለታችሁም በእግር ሂዱ፤ ጨውም ቀንሱ።”

ከማግስቱ ጀምሮ ክቡርነታቸው ጧት ጧት ከሚስታቸው ኋላ ኋላ ይሄዳሉ። ለራሳቸው ጤና ብለው እንዳይመስላችሁ፤ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዛ እንዳትቆም ሊቆጣጠሯት ነው። የጨው ዕቃውን ደበቁባት፤ በዚያው የእርሳቸውም ወጥ አልጫ ሆነ። ሱሪያቸው ከወገባቸው ሲንሸራተት ልብስ ሰፊውን ጠረጠሩ።

በሳምንቱ ባለቤታቸው ብቻዋን ሄዳ ተለካች። ግፊቷ ልክ ነበር። ነርሷም፣ “ያን ዕለት ጋሼ አናደውሽ ይሆናል፤ አልፎ አልፎ ግን መታየቱን አትተዪ” አለቻት።

ይህን ለባሏ አልነገረችም። እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ናትና አትዋሽም፤ ከጠየቋት ልትነግራቸው ቆርጣለች። ነገር ግን ሳምንቱ ወር፣ ወሩም ወራት ሆነ፤ ዓለምን ሁሉ የሚያጣሩት ሰው ይህችን አንዲት ነገር አልጠየቋትም። ጎሕ ሲቀድ ጫማቸውን አስረው በሩ ላይ ይጠብቋታል።

እርሷም አሁን አሁን፣ ሰውዬው ከነርሷ ዘንድ አስቀድመው አጣርተው እንዳይሆን መጠርጠር ጀምራለች።