በወይዘሮ የሻለም ጣቶችና በአሥራ ዘጠኝ ምግቦች ጉዳይ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ መካነ ሰላም፣ የሰፈሩ ቅሬ (የለቅሶ ዕድር) ዕቃ ቤት፣ በድስቶቹና በድንኳኑ መካከል
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ ከጠዋቱ 4፡35 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. ሸህ አሕመድኑር፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህር
2. አቶ ቢተው፣ ገንዘብ ያዥ፣ እህል ነጋዴ
3. አቶ ሃሩን፣ ንብረት ክፍል፣ የሥጋ ቤት ባለቤት
4. ወ/ሮ ፊርደውስ፣ አባል፣ ከጅዳ ከተመለሱ ሁለተኛ ዓመታቸው
5. ምህረት፣ ጸሐፊ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። ሁለቱ ወረኢሉ ገበያ ሄደዋል፤ አንዱ ስልካቸውን ዘግተዋል።

ምልዓተ ጉባኤው ስድስት ሰው ስለሚጠይቅና አንድ ሰው ስለጎደለ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ወ/ሮ የሻለም ከደጅ ተጠርተው ለቁጥር እንዲገቡ፣ ድምፅ ግን እንዳይሰጡ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሰብሳቢው በዱዓ ከፍተዋል። አቶ ቢተው ከሁሉም ረዘም አድርገው አሜን ብለዋል።

አጀንዳ 1፦ ጥር 27 ቀን ስላረረው የምስር ወጥ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ በዕለቱ ለለቅሶ የተሠራው ወጥ አርሮ ሁለት መቶ ያህል ለቀስተኛ ጥቁር ምስር በልቷል። የቅሬውን ወጥ ለሃያ ዓመት የሠሩት ወ/ሮ የሻለም ማማሰያውን መጨበጥ አቅቷቸው ነበር። ደሴ ያለ ሐኪም ሕመማቸው የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ካላቸው ስድስት ዓመት ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው ያብጣሉ፣ አንታጠፍም ይላሉ።

ያንን የሚያህል ድስት ለምን አንድ ሰው ብቻ እንደሚያማስለው የጠየቀ አባል አልነበረም። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ጥፋቱ ከድስቱ ሳይሆን ከሴትዮዋ አፍ መሆኑ ስለታመነበት፣ ከዛሬ ጀምሮ አመጋገባቸውን ኮሚቴው እንዲመራላቸው ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የሚታገዱ ምግቦችን ስለመለየት

አቶ ሃሩን እህል አጥንት እንደሚያሳብጥ፣ ሥጋ ግን ጅማት እንደሚያጠነክር ገልጸው ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ እንዲታገዱ ጠይቀዋል። አቶ ቢተው በበኩላቸው የብግነቱን እሳት የሚያነሳው ስብ መሆኑን አስረድተው ሥጋና ቅቤ እንዲታገዱ ጠይቀዋል። ሁለቱም ስለ ገበያቸው ሳይሆን ስለ እህታቸው ጤና ብቻ እንደሚናገሩ፣ አንዱ በወላሂ አንዱ በማርያም ምለው አረጋግጠዋል። ለሰላም ሲባል የሁለቱም ሐሳብ ጸድቋል።

አቶ ቢተው የጓያ እንፋሎት ብቻውን ጉልበት እንደሚሰብር አክለዋል። ጓያ ይሸጡ እንደሆን ሲጠየቁ “እሸጣለሁ፤ ለጤነኛ” ብለው መልሰዋል። ጓያም ታግዷል።

ወ/ሮ ፊርደውስ በስልካቸው ያለውን የዐረብኛ ቪዲዮ እየተረጎሙ ለሃምሳ ደቂቃ አሰምተዋል። በዚህም መሠረት ወተት፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በርበሬና ድንች ታግደዋል። ተናጋሪው ሐኪም ስለመሆኑ ሰብሳቢው ሲጠይቁ ነጭ ካፖርት መልበሱ በማስረጃነት ቀርቧል።

ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር ያለ ተቃውሞ ታግደዋል፤ አባላቱ ርቧቸው ስለነበር ቶሎ መጨረስ ፈልገዋል። የቀሩት ጎመንና ውኃ ናቸው። ጎመን ሆድ ይነፋል ተብሎ ታግዷል። ውኃን በተመለከተ ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ የሚለው ብርቱ ክርክር ቢያስነሳም፣ የቧንቧው ውኃ ከጠፋ አራት ቀን ስላለፈው እገዳው በተግባር ላይ መዋሉ ታውቆ ታልፏል። ዝርዝሩም አሥራ ዘጠኝ ሞልቷል።

ሰብሳቢው “ታዲያ ምን ትብላ ነው የምንለው?” ብለው ጠይቀዋል። አቶ ቢተው አጀንዳው ስለሚታገዱ እንጂ ስለሚፈቀዱ ምግቦች አለመሆኑን አስታውሰዋል። የሚፈቀዱት በሚቀጥለው ወር እንዲታዩ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ከቀኑ 7፡10 ወ/ሮ የሻለም እጃቸውን እስከቻሉት ድረስ አንስተዋል። ድምፅ እንደሌላቸው ተነገራቸው።

“ድምፅ አልጠየቅሁም” አሉ። “የመድኃኒቴ ሰዓት ደርሷል። ከምግብ በኋላ ነው የምውጠው።”

ከፌስታላቸው ጎመን የተጠቀለለበት እንጀራ አወጡ። አቶ ቢተው ሁለቱም መታገዳቸውን አሳሰቡ።

“አብሽር፣ አያ ቢተው። ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ልጉረስ።”

ጎርሰው፣ ኪኒናቸውን ውጠው ሲያበቁ አንድ ደብተር ለጸሐፊዋ ሰጡ። ሐኪሙ “ለሁሉም ሰው የሚሆን ክልከላ የለም፤ አንቺን የሚረብሽሽን እየጻፍሽ እይ፤ መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ” ብሏቸው ነበር። በዚሁ መሠረት ከኅዳር ጀምሮ የበሉትንና ጣታቸው ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ እንደተፈታ በየቀኑ በገዛ እጃቸው ጽፈዋል። ጸሐፊዋ ጮክ ብላ አነበበች። የሰባ ሥጋና ለስላሳ መጠጥ በበዛበት ድግስ ማግስት ጣታቸው እስከ ረፋድ አይፈታም። ጎመን፣ ምስርና ተልባ ባሉባቸው ሳምንታት ትንሽ ይሻላል። “ትንሽ” የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ጤፍ ምንም አላደረጋቸውም።

ከጥር 19 እስከ 27 ያሉት ዘጠኝ ገጾች ግን የተለዩ ናቸው። ምግቡ ያው ነው። በየገጹ ራስጌ “ኪኒን አልወሰድሁም” ይላል። በአራተኛው ቀን ፊደሉ ተለቀ፤ በሰባተኛው መስመር ሳተ። በዘጠነኛው፣ ወጡ ባረረበት ቀን፣ ፊደል የለም። ጭረት ብቻ ነው።



“ምነው ተውሽው፣ እታለም?” አሉ ሸህ አሕመድኑር።

ወ/ሮ የሻለም መሬት መሬት እያዩ መለሱ። “አንድ ወዳጄ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ሰጠችኝ። ‘ይሄን ከያዝሽ ኪኒኑን ተይው፣ ጨጓራሽን ይልጠዋል’ አለችኝ። ክፉ አስባ አይደለም። ስሟን አልጠራም።”

ሁሉም ወደ ወ/ሮ ፊርደውስ ዞሩ። ወ/ሮ ፊርደውስ ወላሂ እሳቸው አለመሆናቸውን ተናግረው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አቶ ሃሩን ከአባልነት እንዲወገዱ ሐሳብ አቀረቡ፤ አቶ ቢተው ደገፉ። ሁለቱ በዕለቱ የተስማሙበት የመጀመሪያ ጉዳይ ነው።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣለች። ስለዚህ ቀጥሎ ያለው ስብሰባው ካበቃ በኋላ ከትዝታ የተጻፈ ነው።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ማንም አልሰማኝም መሰለኝ፣ ደገምሁት። ማሩን የለወስሁት እኔ ነኝ። ተይው ያልኋትም እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ናት። ሲያማት በግድግዳ በኩል እሰማታለሁ፤ አንድ ነገር ማድረግ ፈልጌ ነበር። የት እንደሰማሁት እንኳ አላስታውስም። ጠዋቱን ሙሉ ሌሎቹ ሲያግዱ እየሳቅሁ ስጽፍ፣ እኔ ያገድሁት ግን መድኃኒቷን ነበር።

ሸህ አሕመድኑር “ይመዝገብ ወይስ ይለፍ?” አሉኝ።

“ይመዝገብ” አልኩ።

የመጨረሻ ውሳኔዎች፣ ወ/ሮ የሻለም ድምፅ እንዲሰጡ ከተፈቀደ በኋላ፦

አንደኛ፣ በዚህ ስብሰባ የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል፤ አሥራ ዘጠኙም ምግቦች ነፃ ወጥተዋል። ኮሚቴው በድንኳንና በድስት ላይ እንጂ በማንም ጉሮሮ ላይ ሥልጣን የለውም።

ሁለተኛ፣ ወ/ሮ ፊርደውስን የማስወገዱ ሐሳብ ወድቋል። አቶ ሃሩንና አቶ ቢተው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ሰብሳቢው ድምፃቸው ስላልተሰማ በድጋሚ አስጠይቀዋቸዋል።

ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ በለቅሶ ድስት የሚያነሱትና የሚያማስሉት ሁለት ወንዶች ሆነው ወ/ሮ የሻለም ቅመሙን ብቻ ያዝዛሉ። አቶ ሃሩን ወንድ ወጥ ሲያማስል ታይቶ እንደማይታወቅ ተናግረው ተቃውመዋል። በአምስት ድምፅ ለአንድ ጸድቆ፣ የመጀመሪያው ተረኛ አቶ ሃሩን ሆነዋል።

አራተኛ፣ ጸሐፊዋ ከኃላፊነቷ እንድትነሳ ራሷ ጠይቃለች። ወ/ሮ የሻለም ተቃውመዋል። “አንዳንድ ጠዋት እጄ እስክሪብቶ አልይዝ ይላል። እየመጣሽ ትጽፊልኛለሽ” አሉ። “የበላሁትን ብቻ ነው የምትጽፊው። ምን ልብላ ግን አትበይኝ።” በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ ሥራውም ነገ ጠዋት በ12፡30 ይጀመራል።

ስብሰባው ከቀኑ 8፡25 ተዘግቷል።

ምህረት፣ ጸሐፊ (ፊርማ)