እርስዎ የተባባሉ ሁለት ኬሚስቶች

በዕድሜዬ እምላለሁ፤ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ እውነት ነው። «የሽማግሌ ዕድሜ ምን ቀርቶት ይማልበታል?» የምትሉ አትጠፉም። የቀረችኝ ትንሽ ብትሆንም ስለምሳሳላት ነው በእሷ መማሌ።

ለመሆኑ ሁለት ጓደኛሞች መጣላታቸውን በምን ታውቃላችሁ? በጩኸት እንዳትሉኝ። ጧት ሲጯጯኹ የዋሉ ሰዎች ማታ ተደጋግፈው ሲሄዱ አይቻለሁ። እኛ ዘንድ የጠብ ምልክቱ ሌላ ነው። «አንተ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች አንድ ቀን ድንገት «እርስዎ» መባባል ይጀምራሉ። ሚስት ባሏን «እንደምን አደሩ አቶ እገሌ?» ካለችው ጎረቤት ነጠላውን አጣፍቶ ሽማግሌ ፍለጋ ይወጣል። «እርስዎ» ለታላቅ ክብር ነው፤ ለእኩያ ግን በር መዝጊያ ነው። ይህን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁትን ዕውቀት ይዤ ነው እንግዲህ ኦስሎ የገባሁት። ጉድ ያፈላብኝም እሱ ነው።

ዘመኑ ዘጠናዎቹ ነው። ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤታቸው፣ ሽማግሌዎችን ቤት ለቤት እየዞርኩ እንዳግዝ ቀጠረኝ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሦስተኛ ጎረቤት የሚሰማኝን ሰውዬ ማለቴ ነው። ኖርዌጂያኖች ታዲያ ያን ጊዜ ለንጉሡም ለቆሻሻ አንሺውም «ዱ» ነው የሚሉት፤ «አንተ» ማለት ነው። «ዲ» የሚባል «እርስዎ» ነበራቸው፤ እኔ ስደርስ ግን ቃሉ ጡረታ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ቋንቋውን የተማርኩት አቧራ ከበላው፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ከገዛሁት መማሪያ ስለሆነ ለሰው ሁሉ «ዲ» እል ነበር። ለውሻም ብያለሁ። ውሻው ቀና ብሎ ነው የሄደው።

ማዮርስቱን በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ፕሮፌሰር ሃልቮርሴን የሚባሉ ኬሚስት ነበሩ። እሳቸው ዘንድ የተላኩት ወጣት ረዳቶች ሁሉ «ዱ» እያሉ በመጡበት ተመልሰዋል አሉ። እኔ ገብቼ «እንደምን አደሩ፣ ዲ» ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው እንደጠፋ ዘመድ አዩኝ። በዚያው ቀረሁ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ኬሚስት ማለት እሳቸው ነበሩ። ከዓለም ዙሪያ የሚጻፍላቸው ደብዳቤ ብዛቱ፣ የማዮርስቱን ፖስተኛ ትከሻ እንደ በሬ ሻኛ አብጦ የቀረው በእሳቸው የተነሳ ነው ይባላል። (ይባላል ያልኩት እኔ ነኝ።) ጧት ደብዳቤው ይመጣል፤ ቆመው ያነቡታል፤ ከምሳ በፊት በታይፕ መልስ ይመታሉ፤ ከታች ካርቦን አድርገው ቅጂውን ያስቀራሉ። መልስ ያላገኘ ደብዳቤ እሳቸው ቤት አድሮ አያውቅም። ፖስታውን ከማሸጋቸው በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል፤ እኔም ሳህን እያጠብኩ እሰማለሁ። «የላኩት ናሙና ደርሶኛል። ንጹሕ አይደለም። በአክብሮት።» በቃ። ይኸው ነው ደብዳቤው። እኛ ብንሆን ኖሮ ለጤና ሁለት ገጽ፣ ለዘመድ አዝማድ አንድ ገጽ፣ ጉዳዩን ደግሞ በጠርዙ ላይ ባገኘነው ክፍት ቦታ ነበር የምናስገባው።

እኔ በደረስኩበት ዘመን ግን ደብዳቤ የሚጽፉላቸው ሁሉ ሞተው አልቀዋል። አንድ ቀርተዋል፦ ዶክተር ስትራንድ የሚባሉ፣ ላምበርትሴተር የሚኖሩ፣ እሳቸውም ኬሚስት። በቲ-ባነ፣ በከተማው ባቡር ማለት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሁለቱ አብረው የተማሩ፣ አንድ ክፍል አብረው የተኙ፣ አንድ ጋዋን በተራ የለበሱ ናቸው። በወጣትነታቸው አንድ ነገር በጋራ ቀምመው እኩል ተካፈሉት፤ ከዚያ ወዲህ በቀለሙ ይሟገታሉ። ፕሮፌሰሩ «ሲነጻም ቢጫ ነው» ይላሉ። ስትራንድ «ቢጫው እድፉ ነው፣ ንጹሑ ነጭ ነው» ይላሉ። ሙግቱ የሚካሄደው በየቀኑ፣ በፖስታ፣ በ«ዲ» ነው።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ጠየቅሁ። ፕሮፌሰሩ ከመሳቢያቸው አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ አወጡና መስኮቱ ላይ ያዙልኝ። ከታች ጥፍር ላይ የምትቀመጥ ዱቄት አለች።

«ምን ቀለም ያያሉ?»

«እንደ ብርሃኑ ነው» አልኩ። በሁለት ትልልቅ ሰዎች መሀል እጁን የሚያስገባ ሞኝ ብቻ ነው።

በልቤ ግን አዘንኩ። አንድ ጋዋን የለበሱ ሰዎች «እርስዎ» ተባብለው በዱቄት ተለያዩ አልኩ።

ከዚያ የአንድ ክረምት፣ የነሱ የበረዶ ወራት ማለቴ ነው፣ መግቢያ ላይ የላምበርትሴተር ደብዳቤ ቆመ። ፕሮፌሰሩ ጻፉ፤ መልስ የለም። ደግመው ጻፉ፤ የለም። ያን ጊዜ ያየሁትን ላውራችሁ፤ ሰውየው እንደ ሻማ ቀለጡ። ታይፑን በጨርቅ ሸፈኑት። የምሠራላቸውን ዓሣና ድንች በሹካ ገፋ ገፋ አድርገው ይተዉታል። ጧት ጧት የፖስታ ሳጥኑ ክዳን ሲንኳኳ ብቻ ቀና ይላሉ፤ የገበያ ማስታወቂያ ይሆናል።

«ለምን አይደውሉላቸውም?» አልኳቸው።

«ስልክ ለጥርስ ሐኪም ነው» አሉኝ።

ልጃቸው ኢንግሪድ መጣች። ደግ ሴት ናት፣ ግን ፈርታለች። አባቷ እየበሉ አይደለም፤ ስለዚህ ሲኬየም የሚሉት የአረጋውያን ማቆያ እንዲገቡ ኮሙኑን ጠይቃለች። መልሱ በዚያ ሳምንት ይመጣል። «እዚያ ታይፕ ማስገባት ይቻላል?» አሉ አባት።

እኔም ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ይህ የሐኪም ጉዳይ አይደለም፣ የሽማግሌ ጉዳይ ነው። ሁለት ሰው መረጥኩ። አንዱ አቶ ይልማ ነው፣ እኩያዬ፣ የትምህርት ቤት ወለል የሚያጸዳ፣ የኦርቶዶክስ ሰው፣ ጦም የማይገድፍ። ሌላው ወንድም ታምራት ነው፣ በዕድሜ የሚያንሰን፣ ስቶቭነር የሚኖር፣ በሽተኛ የሚያስታምም፣ ጴንጤ። እርቅ ከሁሉም ወገን ይሁን ብዬ ነው።

«ጋሼ፣ ፈረንጅ ለፈረንጅ ሽማግሌ ልኮ ያውቃል?» አለኝ ታምራት።

«ያን ሁሉ ጦርነት የተዋጉት የሚልኩት ሽማግሌ አጥተው አይደል?» አለው ይልማ።

ከረባት አስረን ባቡር ገባን። ይልማ ከወፍራም ጃኬቱ ላይ ነጠላ ደርቧል። መንገዱን ሙሉ «አደራህን፣ እዚያ ደርሰህ ሃሌ ሉያ እንዳትል» ይለዋል ታምራትን፤ ያኛውም «አንተም የቅዱሳኑን ስም ጠርተህ ሳትጨርስ እንዳይመሽብን» ይለዋል። ኖርዌጂያኖቹ በባቡር ውስጥ እንደ ልማዳቸው ጸጥ ብለዋል። ለቅሶ ቤት የሄድን መስሏቸው ይሆናል።

ዶክተር ስትራንድ በሩን በግራ እጃቸው ከፈቱ። ከረባት ያሰሩ ሦስት ጥቁር ሰዎች በረዶ ላይ ተሰልፈው ሲያዩ «አመሰግናለሁ፣ ሃይማኖት አለኝ» ብለው መልሰው ሊዘጉት ሲሉ ታምራት «የትኛው?» አለ። ይልማ በክርኑ ደቆሰው።

«የመጣነው በፕሮፌሰር ሃልቮርሴን ጉዳይ ነው» አልኩ። በሩ ወለል አለ።

ሳሎን ገብተን በሰልፍ ቆምን። «ተቀመጡ» አሉ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አልኩ። ወንበሮቻቸውን አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ የጎደለ መስሏቸዋል። ይልማ በአማርኛ ጀመረ፣ እኔ አስተረጎምኩ፦ ሰው ነው የሚሳሳት፣ ያለፈው አልፏል፣ በሽበት ላይ ቂም አያምርም፣ እባክዎን ስለ እግዚአብሔር ብለው ይታረቁ። ሰውየው እስከ ጫፉ ሰሙና፣

«ማን ነው የተጣላው?» አሉ።

እኔም አስረዳሁ። አብራችሁ ተምራችሁ፣ አብራችሁ ኖራችሁ፣ እንዴት «ዲ» ትባባላላችሁ? ያገራችሁ ሰው ሁሉ «ዱ» ሲል እናንተ ብቻ?

ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀና እንባው ብቻ ቀረ።

«‹ዱ› የምለው ለፖስተኛው ነው፣ ለጎረቤቴ ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ ለማየው ሚኒስትር ነው» አሉ። «‹ዲ› የምለው አንድ ሰው ነው የቀረኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

በግራ እጃቸው ቀኝ እጃቸውን አነሱና እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ደም ሥር ተዘግቶባቸው እጂቱ ሞታለች። የፕሮፌሰሩ ደብዳቤዎች አጠገቧ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ተከፍተዋል።

«ስልክስ?» አለ ታምራት።

«ስልክ ለጥርስ ሐኪም ነው» አሉ።

እንግዲህ ጠብ የለም። ሽማግሌነቱ አበቃ ብላችኋል። ይልማን አታውቁትም። «እዚህ ድረስ መጥተን ባዶ እጃችንን አንመለስም፤ አንድ መልካም ቃል ይስጡን» አለ። ስትራንድ ወደ እኔ ዞረው «ጻፉ» አሉኝ፤ ጻፍኩ፦ «ቢጫ ነው። እርስዎ ልክ ነበሩ። በአክብሮት።» በግራ እጃቸው ፈረሙ፤ ፊርማው ዶሮ የጫረው ይመስላል። ያን ጊዜ ተቀመጥን። ቂጣ በቡናማ አይብ አቀረቡልን፤ ይልማ ረቡዕ ነው ብሎ ውሃ ጠጣ።

ደብዳቤውን ቴምብር ለጥፌ እዚያው ሰፈር የፖስታ ሣጥን ውስጥ ጨመርኩት። ያለ ቴምብር የመጣ ነገር ፕሮፌሰሩ ዘንድ ወሬ እንጂ ሳይንስ አይደለም። በማግስቱ ክዳኑ ሲንኳኳ ሮጬ አነሳሁላቸው። ኢንግሪድም ነበረች። እንደ ልማዳቸው ቆመው አነበቡ። እኔ እልልታዬን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። ተቀመጡ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የኔ ነው። ሽማግሌ ሆነን ሄደን አስታረቅናችሁ።»

«ስትራንድ በጤናቸው ‹ልክ ነዎት› አይሉኝም» አሉ። «ኮቴን ያምጡልኝ።»

ቅጠል ከረገፈ ወዲህ ከቤት አልወጡም። «አባባ፣ ውጪው እኮ በረዶ ነው» አለች ልጃቸው። «በረዶ ውሃ ነው» አሉና ደረጃውን ጀመሩት። እኔ በቀኝ፣ ኢንግሪድ በግራ፤ እንደ ታቦት ይዘናቸው ላምበርትሴተር ደረስን።

ሁለቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ተያዩ። መተቃቀፍ የለ፣ መሳሳም የለ። ፕሮፌሰሩ የሞተችውን እጅ አዩ፤ አነሷት፤ ጨበጧት፤ በቦታዋ መለሷት።

ሳሎን ገብተን ስንቀመጥ «የማይረባ ነገር ጽፈውልኛል» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ክረምቱን ሙሉ አሰብኩበት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነጭ ነው።»

ስትራንድ ከወንበራቸው ለመነሳት ሞከሩ። «ቢጫ ነው። ፈርሜበታለሁ።»

«ነጭ ነው።»

«እርስዎ ራስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ቢጫ ሲሉኝ ኖረው?»

«ተሳስቼ ነዋ። እርስዎ አስተማሩኝ።»

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። ወገን ተለዋውጠው፣ የየራሳቸውን ክርክር ተቀማምተው፣ እንደ አዲስ። ኢንግሪድ ከማቀዝቀዣው ያገኘችውን ዓሣ አሞቀች፤ ፕሮፌሰሩ እየተሟገቱ ሳያውቁት ሁለት ሳህን በሉ። ሹካው ሲመላለስ አየችና የሲኬየሙን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ይቆይ» አለችኝ በጆሮዬ።

ታሪኩን ለይልማ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «የታረቁ ሰዎች አጣልተን የመጣን ሽማግሌዎች እኛ ብቻ ነን» አለ።

ከዚያ ወዲህ ላምበርትሴተር እየሄድኩ የስትራንድ ቀኝ እጅ ሆንኩ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሣጥን ውስጥ እጨምራለሁ፤ በማግስቱ ማዮርስቱን ላይ ራሴ የጻፍኩትን ደብዳቤ ራሴ ተቀብዬ አቀርባለሁ። ሞት ይርሳኝ፣ አንድ ቀን እጄ አላስችል ብሎኝ ከላይ «ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ?» የምትል ጨመርኩ። ፕሮፌሰሩ በቀይ እርሳስ ከበቧትና «ይህ ምንድነው?» አሉኝ። «ሰላምታ ነው» አልኩ። «እድፍ ነው» አሉ። በዚያ ቀን የመቱትን መልስ ግን ከማሸጋቸው በፊት ሲያነቡት ሰማሁ። ስለ ነጩ ቀለም ረጅም ማስረጃ ነበር፤ ከሥሩ፣ ከ«በአክብሮት» በፊት፣ «ጤናዬ ደህና ነው። የእርስዎስ?» ይላል።

ይኸው ነው። በዕድሜዬ ስለማልኩ ግን፣ ሳልቀጠፍ አንዲት ትንሽ ነገር ላርም። ብልቃጧ ውስጥ ዱቄት ነበረች ብያችኋለሁ። አልነበረችም። መስኮቱ ላይ ሲይዙልኝ ብልቃጧ ባዶ ነበረች፤ የላምበርትሴተሯን መንታዋንም ኋላ አይቻታለሁ፣ እሷም ባዶ ናት። አንዳንድ ነገር ልብስ መሀል እንደሚከቱት ካምፎር ነው፣ ክዳኑን ቢያጠብቁትም በዓመታት ቀስ እያለ ይተናል አሉኝ ሁለቱም፣ በየግላቸው፣ ምንም ሳይደንቃቸው።

ከመጀመሪያው ባዶ ነበረች ብያችሁ ቢሆን ኖሮ ታምኑኝ ነበር? ያላመናችሁኝን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። የፈጠርኩት ያመናችሁትን ነው።