የደስታ ገጽታ በዘይት ቀለም

ክቡር የቀድሞው የስብሰባ ክፍል ኃላፊ ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሥነ ጥበብ ያለ እሳቸው ተጓድላ መኖሯን ተገንዝበው የዘይት ቀለም ሥዕል ለመማር ወሰኑ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ድምፅ የሰጡት እሳቸው ብቻ ነበሩና።

አስተማሪያቸው ወጣት ሠዓሊ ነች። «ጋሼ፣ ሥዕሉ ስሜት እንዲኖረው መጀመሪያ ሰውየውን በደንብ ይዩት፤ ብሩሹ በኋላ ይደርሳል» አለቻቸው። ኃላፊው ይህን ገንቢ አስተያየት ደብተራቸው ላይ አስፍረው ደብተሩን ዘጉት።

ለሥዕሉ ሞዴል ሆና እንድትቀመጥ ባለቤታቸው ተመደበች። ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጧት።

«የሚጠበቅብሽ ደስታ ነው።»

«በምን ልደሰት?»

«በአጠቃላይ።»

«ወገቤን አሞኛል።»

«እሱ አይታይም። የምሥለው ከአንገት በላይ ነው።»

አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠች። እሳቸው እየሣሉ ስለ ሥዕል ንግግር ያደርጋሉ፤ ከሸራው ቀና ያሉት ግን ምራቃቸውን ለመዋጥ ብቻ ነበር። በመጨረሻ አስተማሪዋ መጥታ ሥራውን አየች።

«ጉትቻው ጥሩ ነው» አለች። «የእትዬ ቅንድብ ላይ ያለው ጠባሳስ?»

«የምን ጠባሳ?» ኃላፊው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሠርጋችን በፊት ጀምሮ።»

 ሚስትየው አስተማሪዋን በር ድረስ ስትሸኝ፣ «ለእኔም አንድ ሸራ ስጪኝ» አለቻት። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የማየው ከሱ ፊት ሌላ አልነበረም።»

ከአስተማሪዋ እንደተማረችው ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ከጥላው ጀመረች፤ ወፍራሙን ቀለም ለመጨረሻ አቆየችው። የባሏ አፍ አስቸገራት። ሦስት ጊዜ በጨርቅ ጠርጋ፣ በአራተኛው ከፈት አድርጋ ተወችው። ኃላፊው ፊት ለፊቷ ቆመው ንግግር ላይ ስለነበሩ፣ እየተሣሉ መሆናቸውን የሚያውቁበት ጊዜ አላገኙም።

በተማሪዎች ዐውደ ርእይ ሁለቱም ሥዕሎች ጎን ለጎን ተሰቀሉ። ተመልካቹ የኃላፊውን ሥራ በአክብሮት እያለፈ ከሚስታቸው ሥዕል ፊት ይቆማል። የቀድሞ ጸሐፊያቸውማ ገና ስታየው ሳታስበው ቀጥ ብላ ቆመች።

ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ።

«ግሩም ሥራ ነው» አሉ። «ሰውየው ግን ገና ሲያዩት ሰው የማያዳምጥ መሆኑ ያስታውቃል። ማነው?»

«ባሌ ነው» አለች ሚስታቸው።

እሳቸው ግን አጠገባቸው ላሉት ሰዎች ስለ ማዳመጥ ጥቅም ማብራራት ጀምረው ነበር።