ክቡር ሚስተር አስክዊዝ በረታቸውን ሲሸጡ

በገዛ እጁ የሠራውን ነገር የሚሸጥ ሰው ደላላ አያስፈልገውም፤ ጠባቂ ነው የሚያስፈልገው። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፈረሱን ገበያ አውጥቶ፣ ገዢ ጠጋ ሲል «የኋላ እግሩን እንኳ ያነክሳል» የሚለው እሱ ነው። የኛ ሰፈሩ ክቡር ሚስተር ዊልፍሬድ አስክዊዝ ይባላሉ። የሚሸጡትም ፈረስ ሳይሆን ቤት የሆነ በረት ነው።

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ተራራ ላይ በረት ማለት ታች ላም፣ ላይ ድርቆሽ ነው። ክቡርነታቸው ላሞቹን ሸጠው፣ ድርቆሹን አራግፈው፣ ከታች ወጥ ቤት ከላይ መኝታ ቤት አወጡለት። ድንጋዩን የጠረቡት እሳቸው፣ ጣራውን የመቱት እሳቸው፣ ደረጃውንም ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ደረጃው ፍየል እንኳ አስባበት የምትወጣው ዓይነት ነው። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው። ባለቤታቸው ሙሪየል ጉልበቷን ታማ ባለፈው የበረዶ ወራት ከመካከሉ ወደቀች። እንደ እግዜር ፈቃድ ተረፈች እንጂ ሌላ ነገር እናወራ ነበር።

ታች ከተማ፣ ከእህቷ ቤት አጠገብ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ተገኘላት። የዚያ ቤት ባለቤት ቅጠል እስኪረግፍ እጠብቃችኋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ለሌላ እሸጠዋለሁ አለ። ስለዚህ በረቱ ከዚያ በፊት መሸጥ አለበት። ክቡርነታቸውም «እንሸጣለና፣ ምን ችግር አለው» አሉ።

ችግሩ አገራችን ነው። እኛ ዘንድ የራስን ነገር ማመስገን ነውር ነው። በጉ በውድድር አንደኛ የወጣለት ሰው «ሌሎቹን አሟቸው ይሆናል» ይላል እንጂ ደረቱን አይነፋም። ክቡር ሚስተር አስክዊዝ ደግሞ ይህን ነገር ሃይማኖት አድርገው ይዘውታል። በሠርጋቸው ዕለት ሙሽራይቱ እንዴት ናት ሲባሉ «ደህና ናት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው እንዲህ ያለ ሙገሳ ሲወጣ የሰማ የለም።

የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ከሊድስ ከተማ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ደላላዋ ዳፍኒ አፏ ማር ነው፤ «ይህ ወጥ ቤት የራሱ ታሪክ አለው» አለቻቸው።

«አለው እንጂ» አሉ ክቡርነታቸው። «እመቤቴ፣ እርስዎ የቆሙበት ላይ ላም ትታለብ ነበር። ሲዘንብ አሁንም ይሸታል።»

ሴትዮዋ አንድ እግሯን አነሣች። እኔ እዚያ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ስንት ዘመን ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ከሙሪየል ዳቦ በቀር የሸተተኝ ነገር የለም። እውነት ተናጋሪ ሰው አውቃለሁ፤ እቃውን ለማሳጣት የሚዋሽ ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ቀጥሎ አንድ ጡረታ የወጣ የባንክ ሰው ነጭ ጫማ አድርጎ መጣ። ክቡርነታቸው ቤቱን ሳያሳዩት ሜዳ አወጡት።

«ካብ መካብ ይችላሉ?»

«ኧረ ሞክሬውም አላውቅ።»

«እንግዲያው የጎረቤት በግ አያስቀምጥዎትም።»

የጎረቤት በግ የተባለው የኔ ነው። ገብቶባቸውም አያውቅም። ምስኪኑን ሰውዬ እስከ ምሳ ሰዓት ድንጋይ ሲያስክቡት ዋሉ። ጣቱን ድንጋይ ጨፍልቆት፣ ጫማው ጭቃ ሆኖ፣ «እጅግ ደስ የሚል ቀን ነበር» ብሎ ሄደ። እኛ አገር ይህ ማለት ዓይኔን ሁለተኛ አታዩትም ማለት ነው።

ሦስተኛዋ አስተማሪ ነበረች፤ ቤቱን ወደደችው። ክቡርነታቸው ጣራውን በጣታቸው አሳዩዋት። «እዚያ ላይ የሌሊት ወፎች አሉ። እነሱን መንካት በሕግ ክልክል ነው። እነሱ እርስዎን ቢነኩ ግን የሚከሳቸው የለም።» ሻይዋን እንኳ አልጨረሰችም።

በጋው እንዲህ አለቀ። አንድ ቀን ሙሪየል ምርኩዟን ይዛ ሜዳውን አቋርጣ ቤቴ መጣች።

«ስማኝ ሲሪል፣ ቅዳሜ ሌሎች ሰዎች ይመጣሉ። ዳፍኒ ከነሱ ወዲያ ሰው የለኝም ብላለች። ና አጠገቡ ተቀመጥና ዝም አስብልልኝ።»

«እሱን ማን ዝም ያሰኘዋል?»

«አንተ ነሃ። ያ ቤት ካመለጠን ዘንድሮም እዚያ ደረጃ ላይ ልወጣ ልወርድ ነው። ፈርቻለሁ።»

ሙሪየል ፈርቻለሁ ስትል ሰምቼ አላውቅም። በእናትህ ሳትለኝ ቃል ገባሁላት።

ቅዳሜ ሰዎቹ መጡ። ባልየው ገና ሳይገባ «መስኮቱ ጠበበ» አለ፤ ሚስቱ «ጣራውም ያረጀ ይመስላል» አለች። እኔም ገዢ መጣ አልኩ በሆዴ፤ የማይገዛ ሰው እቃ አያጣጥልም። ክቡርነታቸው አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ እግራቸውን ረገጥኳቸው። መልሰው ዘጉት። ሰዎቹ ፎቅ ሲወጡ ሙሪየል ከደረጃው ሥር ቆማ «በስተቀኝ ያለው መኝታ ቤት ነው» እያለች ከታች ታስጎበኛለች። አንድ እጇ የደረጃውን እንጨት ጨብጧል። ክቡርነታቸው ያንን እጅ ያዩ ነበር።

ሲወርዱ ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች። «ጎረቤት ነዎት አይደል? የበረዶው ወራት እዚህ እንዴት ነው?»

እኔ፣ ቃል የገባሁት ሰውዬ፣ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። «መንገዱ ይዘጋል። ውሃው ቧንቧው ውስጥ በረዶ ይሆናል። ነፋሱማ አይወራ» አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ምን ነካኝ ልበል? አውቀዋለሁ የነካኝን። ያንን በር ሳንኳኳ ሌላ ሰው ሊከፍትልኝ ነው፤ ይህ ነገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በልቤ አልገባም ነበር። ሙሪየል አየችኝ። ምነው መሬት ተከፍቶ በዋጠኝ አልኩ።

ይህን ጊዜ ዊልፍሬድ ተነሣ። ክቡርነታቸውን እዚህ ላይ ልተወው።

«አይስሙት እመቤቴ፣ ውሸቱን ነው» አለ። «መንገዱ ሲዘጋ በትራክተሩ የሚጠርገው ራሱ ነው፤ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው። ቤቱ ሙቀት አለው። የግድግዳው ውፍረት የክንዴን ያህላል። ሚስቴ እዚህ በርዷት አያውቅም። ጥሩ ቤት ነው። ከዚህ የተሻለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ ከእንግዲህም አልሠራም። ይግዙት።»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ተሳደበ ሰው እስከ ጆሮው ቀላ። ሙሪየል ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሱ ማንንም ሳያይ ወጥቶ ሄደ።

ተከትዬው ስወጣ ካቡ ጋ ቆሟል። በመስኮቱ በኩል ባልና ሚስቱ ከዳፍኒና ከሙሪየል ጋር ሲጨባበጡ ይታያሉ። ቤቱ ተሸጠ። ሙሪየል እያለቀሰች ነበር፤ እየሳቀችም ነበር።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» አለኝ ሳይዞር። «የሰው ገበያ ታበላሻለህ?»

«እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው» አልኩት። ለዊልፍሬድ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ እኔም ቀላሁ መሰለኝ።

 ከካቡ ላይ አንድ ድንጋይ አነሣና መልሶ እዚያው አስቀመጠው።

«ታዲያ እኔስ» አለ፣ «በጋውን ሙሉ ምን ሳደርግ የከረምኩ መሰለህ?»