የሲራራ ማደሪያው ጆሮ

ኢስፋንዲያር፦ ለግመል ነው አልኩህ እኮ! በሩ የረዘመው ለግመል ነው!

ሰይፉላህ፦ ግመሉ አንገቱን ዝቅ ማድረግ አይችልም?

ኢስፋንዲያር፦ ጭነቱስ? ጭነትም አንገት አለው?

ሰይፉላህ፦ ጭነቱን ደጅ ላይ ቢያወርዱትስ?

ኢስፋንዲያር፦ ወይ ጉድ! ያን ጊዜ አንተን አማክረው ቢሆን ኖሮ! ይሄ ሁሉ ጡብ በከንቱ ባላለቀ!

(ካሻን ከተማ አጠገብ፣ የበረሃው ዳርቻ። ሁለቱ ወንዶች እህትማማቾችን ያገቡ ናቸው። አማታቸው ቱባ ኸኑም የሮማን እርሻቸውን ለአንዳቸው ሊያስረክቡ አስበዋል፤ ለማን እንደሆነ ግን ገና አልተናገሩም። ወደ እርሻው ሲሄዱ «እግሬን ላፍታታ» ስላሉ ነው ከጥንቱ የሲራራ ነጋዴዎች ማደሪያ የቆሙት። ኢስፋንዲያር ከመኪና ከወረደ ጀምሮ አፉን አልገጠመም።)

ኢስፋንዲያር፦ ልብ በል፣ ወደ ውጭ አንድም መስኮት የለውም። ለምን? ሌባ እንዳይገባ! ሲመሽ ያ በር ይጠረቀማል፣ አለቀ።

ሰይፉላህ፦ ሌባው ቀድሞ ገብቶ ከነጋዴዎቹ ጋር ቢሆንስ?

ኢስፋንዲያር፦ እ?

ሰይፉላህ፦ እነሱ ናቸዋ የተቆለፈባቸው።

ኢስፋንዲያር፦ (ግንባሩን ይዞ) ሰይፉላህ፣ አንተ ዝም ስትል እንዴት ያምርብሃል! ይልቅ ና፣ ወደ በሩ እንመለስ፤ ተአምር ላሳይህ። ይታይሃል ይሄ ከበሩ በላይ ያለው ጉልላት? እዚያ ጥግ ሄደህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር። እኔ ከዚህኛው ጥግ ሹክ ስልህ ድምፄ በጣራው ዞሮ ጆሮህ ውስጥ ይወድቃል።

ሰይፉላህ፦ መሀል የቆመ ሰውስ?

ኢስፋንዲያር፦ ምንም አይሰማም! ምሥጢሩ እሱ ነው!

ሰይፉላህ፦ ስልክ ብትደውልልኝ አይቀልም?

ኢስፋንዲያር፦ ሂድ ብያለሁ! ዞረህ እንዳታይ፤ ትንፍሽ እንዳትል!

(ሰይፉላህ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል። ኢስፋንዲያር አፍንጫው ጡቡን እስኪነካ ይጠጋል። ከወዲያኛው ጥግ ትንሽ ሳል ይሰማዋል፤ ደስ ይለዋል።)

ኢስፋንዲያር፦ (በሹክሹክታ) አየህ፣ ሳልህ እንኳ ደረሰኝ! በል እንግዲህ ሰው የማይሰማውን ልንገርህ። በእርሻው አትድከም። አሮጊቷን እጄ አስገብቻታለሁ። «እናቴ፣ የእኔ እናት» ስላት እንደ ቅቤ ነው የምትቀልጠው! እርሻውን በእጄ ላድርግ እንጂ ሮማኑን ከነሥሩ መንግዬ ቪላ እገነባበታለሁ። እሷን ከዶሮዎቹ ጋር ጓሮ አስቀምጣታለሁ፤ እርስ በርስ ይንጫጫሉ!

(በሳቅ ይንፈቀፈቃል። ከኋላው አንድ ሰው ትከሻውን ነካ ያደርገዋል። ዞሮ ሲያይ ሰይፉላህ ነው፤ ናና የተነሰነሰበት አንድ ኩባያ አሬራ ይዟል።)

ሰይፉላህ፦ ከማን ጋር ነው የምትስቀው?

ኢስፋንዲያር፦ አንተ... አንተ ጥጉ ጋ አይደለህም እንዴ?

ሰይፉላህ፦ ቱባ ኸኑም ፀሐይ አናቴን መታኝ ብለው መጡ። ጥጉ ላይ ያለውን መደብ ለቀቅኩላቸውና አሬራ ልገዛላቸው ወጣሁ።

ኢስፋንዲያር፦ ለምን አልነገርከኝም!

ሰይፉላህ፦ ትንፍሽ እንዳትል አላልከኝም?

(ኢስፋንዲያር ፊቱ እንደ ኖራ ይነጣል። ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ይመለሳል።)

ኢስፋንዲያር፦ (በሹክሹክታ) እናቴ... የእኔ እናት... ሰይፉላህን ላስቀው ብዬ እኮ ነው...

ቱባ ኸኑም፦ (ድምፃቸው ከጡቡ ውስጥ) ሰይፉላህ ልጄ፣ ና እጄን ያዘኝ። አሬራዬን መንገድ ላይ እጠጣለሁ። ሮማኖችህ ውሃ ጠምቷቸዋል፤ ቶሎ እንድረስላቸው።

ኢስፋንዲያር፦ እኔስ እናቴ?

ቱባ ኸኑም፦ አንተማ ግንቡን ይህን ያህል ከወደድከው፣ እዚሁ እደር።