በጠርዙ ያዙት

በየሰፈሩ፣ ማንም የማይሰርቀውን ነገር ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ሞተሩ የወጣ መኪና በሸራ አልብሶ ያስተኛል፤ ሌላው የቆመ የግድግዳ ሰዓት በየሳምንቱ ይወለውላል፤ ሦስተኛው የሚያነበው የሌለ የድሮ ጋዜጣ በገመድ አስሮ አልጋው ሥር ያከማቻል። እናንተም አንዱን ሳታውቁ አትቀሩም። አናውቅም ካላችሁ ምናልባት ሰውየው እናንተው ናችሁ።

የእኛ ሰፈር ክቡር ዘብ የሚጠብቁት ሳንቲም ነው። ያውም ዘመኑ ያለፈበት፣ ያወጣው መንግሥት የተረሳ፣ አንድ ራስ ሽንኩርት እንኳ የማይገዛ ሳንቲም። ጎረቤቱ እውነተኛ ስማቸውን ከረሳው ቆይቷል፤ “ጋሽ በጠርዙ” ነው የሚላቸው። ከሳንቲሞቻቸው አንዱን የጨበጠ ሰው ሁሉ ከአፋቸው የሚሰማው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቃል “በጠርዙ!” ስለሆነ ነው። በሁለት ጣት፣ ዳርና ዳሩን መያዝ ነው። ፊቱን የነካ ወዮለት።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ሌላው ቆራጭ ሳንቲም ሲቀበል ዋጋውን ያያል፤ እሳቸው የሚያዩት መልኩን ነው። ባዕድ ወይም ያረጀ ሳንቲም ብቅ ካለ ከራሳቸው ኪስ ተክተው፣ ያንን በትኬት ወረቀት ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይሸጉጡታል። እስከዚያ ድረስ መልስ የሚጠብቀው ተሳፋሪ መውረጃውን አልፎ ይሄዳል። ሾፌሩ በመስታወት እየገላመጠ “እኚህ ሰውዬ አውቶቡሴን ሙዚየም አደረጉብኝ” ይል ነበር።

ቤታቸው ሄዶ ሳንቲሞቹን ማየት ደግሞ እንደዋዛ የሚገኝ ዕድል አይደለም። እንግዳው እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ አልበቃ ብሎ ነጭ የጥጥ ጓንት ያጠልቃል። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ ይነጠፋል። ከፎጣው በላይ ወሬ ክልክል ነው፤ “ምራቅ ይፈናጠራል፣ ማውራት የፈለገ ወደ ጎን ዞሮ ያውራ” ይላሉ። ስለዚህ የጋሽ በጠርዙ እንግዶች የሚያደንቁት ግድግዳውን እያዩ ነው። ጎረቤታቸው መምህሩ አንድ ጊዜ አስነጥሶት ሁለተኛ ከደጃፉ አላለፈም። ሌላው ደግሞ ሞኝነት ይዞት “ይኼ ስንት ያወጣል?” ብሎ ቢጠይቅ፣ በመልስ ፋንታ ኮቱን አቀበሉት።

ልጃቸው የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። እንደ ሌላው ሰው ልጅ ለአባቷ ብርቱካን ይዛ አትሄድም። እሷ የምትወስድላቸው በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ የሚገኙትን፣ “አይበላም” የሚል የተጻፈባቸውን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ነው። ጋሽ በጠርዙ እንደ ከረሜላ በደስታ ይቀበሏታል። አንድ በአንድ ቆጥረው ሳንቲሞቹ ያሉበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይደረድሯቸዋል።

እዚያ ቆርቆሮ ላይ እስኪደርሱ ብዙ ተንከራተዋል። መጀመሪያ ሳንቲሞቹ የእንጨት መሳቢያ ውስጥ ነበሩ፤ የእንጨቱ ቀለም መዳብን እንደሚያጠቁር ሲደርሱበት መሳቢያው ለካልሲ ተለቀቀ። ቀጥሎ የፕላስቲክ ኪስ ገዙ፤ ፕላስቲኩ በሙቀት አላበውና ሳንቲሞቹ አረንጓዴ አወጡ። የዚያን ጊዜ ጥፋተኛ የተባለው ግን ፕላስቲኩ ሳይሆን የሚስታቸው የድስት እንፋሎት ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። በመጨረሻ እያንዳንዱ ሳንቲም በየራሱ የወረቀት ኤንቨሎፕ ገብቶ፣ ኤንቨሎፖቹ ቆርቆሮው ውስጥ ገብተው፣ ቆርቆሮው ከኩሽናም ከመታጠቢያም የራቀ ቦታ ተፈልጎለት መኝታ ቤት ቁምሳጥን ላይ ወጣ። የእናትየው የክት ልብስ ሻንጣ ወረደ።

እናትየው፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምላሷ አያርፍም ነበር። “በዚህ ቤት ሁለት ሚስት አለ፤ አንዷ ቁምሳጥን ላይ ትተኛለች፣ አንዷ ድስት ታማስላለች” ትል ነበር። ጣራው ባፈሰሰ ጊዜ ጋሽ በጠርዙ ከእንቅልፋቸው ተነስተው መጀመሪያ ቆርቆሮውን አወጡ። አልጋው ላይ የቀረችው ሚስታቸው ውሃው ፊቷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ “አንተ ሰውዬ፣ እኔንም በጠርዜ ይዘህ አውጣኝ እንጂ” አለቻቸው። ልጅቷ ይህን ስታስታውስ ዛሬም ትስቃለች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቋ መሀል ላይ ያልቅባታል።

ከሕጎቻቸው ሁሉ የሚበልጥ አንድ ሕግ አለ፤ ሳንቲም አይታጠብም። “ሳንቲም ያጠበ ሰው ዕድሜውን ነው ያጠበበት” ይላሉ። ጥቁረቱ፣ ጭረቱ፣ እድፉ ሁሉ የኖረው ኑሮ ነው፣ ማንም አይነካበትም። ከዚህ ሕግ ውጪ የሆነ ሳንቲም አንድ ብቻ ነበር።

እሱም ባለ መርከቡ ነው። ትልቅ የመዳብ ሳንቲም፣ በአንድ ፊቱ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ ያለችበት፣ ገበያ ሳይወጣ የቀረና ቅላቱ ያልደበዘዘ። የቆርቆሮው ንጉሥ እሱ ነበር። አንድ ቀን እሳቸው ሥራ ላይ ሳሉ እናትየው ከድስቷ ተነስታ፣ ጨውና ዘይት በነካው እጇ አውጥታ ለጎረቤት አሳየችው። መዳብ ደግሞ ቂመኛ ነው። የነኩት ዕለት ዝም ይላል፣ የሚናገረው ከወራት በኋላ ነው። ሲናገር ግን የሴትየዋ አውራ ጣት መስመር ሳይጎድል መርከቧ ሸራ ላይ ወጣ።

ጋሽ በጠርዙ ያን ቀን ያሰሙት ጩኸት ዛሬም በሰፈሩ ይወራል። እናትየው ግን ፍንክች አላለችም። “እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ፊርማዬ ጣቴ ነው። ፈርሜበታለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔም ነው” አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ጠቡ የቤቱ መደበኛ ሥራ ሆነ። እሳቸው ሳንቲሙን ባወጡ ቁጥር “ይህችን ጣት የሚያጠፋልኝ ባገኝ ምን ነበረበት!” ይላሉ። እሷ ከኩሽና ሆና “ፊርማ አይጠፋም!” ትላለች። ልጅቷ ያደገችው በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መሀል ነው።

እናትየው ካቻምና ክረምት ሞተች። ሕመሙ ለማስታመም እንኳ ጊዜ አልሰጠም። ከቀብር በኋላ ቆርቆሮው ለብዙ ጊዜ አልተከፈተም፤ ልጅቷ የምታመጣቸው ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ ተቆለሉ። አባቷ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፣ “በልተሃል?” ስትላቸው “በልቻለሁ” ይላሉ፣ ድስቱ ግን እንደተወችው ነው። እናቷን ቀብራ አባቷንም በቁማቸው የምታጣ መሰላት።

አንድ ጠዋት ስትመጣ ግን መስኮቱ ሥር ቆመው አገኘቻቸው። ባለ መርከቡን ሳንቲም ዳርና ዳሩን ይዘው ወደ ብርሃኑ ያዘነብሉታል። “ይህችን ጣት የሚያጠፋልኝ ባገኝ ምን ነበረበት” አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ወደ ኩሽናው በኩል። መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ልጅቷ ግን ደስ አላት፤ መነጫነጭ ከጀመሩ ተመልሰዋል ብላ ነው። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ የዓይን ሞራ መጣ። ሳንቲሙን ወደ ዓይናቸው ቢያስጠጉት፣ አጉሊ መነጽር ቢጨምሩበት፣ ጭጋግ ሆነባቸው። ጋሽ በጠርዙ ምላጭ የሚባል ነገር ስለሚፈሩ ሐኪም ቤት እሺ አይሉም የተባሉ ሰው ናቸው። እንደዚያ የተባሉት ሰውዬ በገዛ አፋቸው “ውሰጂኝ፤ አንድ የማየው ነገር አለኝ” አሏት። ልጅቷ ማየት የፈለጉት የእሷን ልጅ፣ የልጅ ልጃቸውን፣ መስሏት አለቀሰች።

ባሏ ወርቅ ሠሪ ነው፤ ልበ ቀና፣ አማቱን የሚያከብር፣ ሆኖም ከሃያ ጊዜ ባላነሰ “በጠርዙ!” የተባለ ሰው። አባትየው ሆስፒታል ሳሉ አንድ ሐሳብ መጣለት።

“ያቺን ጣት ላጥፋላቸው” አለ። “ዓይናቸው ሲገለጥ መጀመሪያ የሚያዩት ንጹሕ ሳንቲም ይሁን።”

“ሳንቲም አይታጠብም ይላል እኮ” አለች ልጅቷ።

“ሌላውን ነዋ። ስለዚህኛውስ ምንድነው የሚሉት? ‘የሚያጠፋልኝ ባገኝ’ አይደል? ይኸው አገኙ።”

እሷም ይህን ስትሰማ ኖራለች፤ ምን ትበል? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የተናገሩት ቃል ዞሮ መጣ። ቆርቆሮውን አውርዳ ሰጠችው። ወርቅ ሠሪው ጥበቡን ሁሉ አፈሰሰበት፤ ነከረው፣ አሸው፣ በለስላሳ ጨርቅ ወለወለው። መርከቧ ገና ከፋብሪካ የወጣች መሰለች።

ጋሽ በጠርዙ ወደ ቤት ሲመለሱ ሳይቀመጡ “ቆርቆሮውን” አሉ። ጓንታቸውን አጠለቁ። ኤንቨሎፑን ከፈቱ። ሳንቲሙ ቀይ ብርሃን ጣራው ላይ ጣለ። ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት። አጉሊ መነጽር ጠየቁ።

“የማን ሥራ ነው?”

“የእኔ ነው አባባ” አለ ወርቅ ሠሪው ፊቱ በርቶ። “ሁልጊዜ ይሉ ነበር አይደል?”

“ብያለሁ” አሉ። አጉሊ መነጽሩን አስቀምጠው፣ “እጅህ ይባረክ። ጎበዝ ባለሙያ ነህ፤ ምንም አላስቀረህም።”

እሱ ደስ ብሎት ወደ ሱቁ ሄደ። ልጅቷ ለምሳ ሽንኩርት ልትከትፍ ኩሽና ገባች። ከወዲያኛው ክፍል ኮሽታ የለም። የአባቷ ቤት ዝም ሲል ደግ ነገር እንደማይሆን ታውቃለችና ቢላዋውን ጥላ ሄደች። ጓንታቸውን አውልቀው፣ ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ እንባቸው እየወረደ አገኘቻቸው።

“አባዬ፣ ዓይንህ! ሐኪሙ አታልቅስ ብሎሃል እኮ።”

“የለችም” አሉ።

“ማን?”

“እናትሽ። እዚህ ነበረች።”

ልጅቷ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። የሠሩትን ያን ጊዜ ገባት። “ፎቶዋ አለን” ለማለት ሞከረች።

“ፎቶውን ያነሳው ሌላ ሰው ነው። ይኼን የነካችው ራሷ ናት። ከሞተች ጀምሮ በዚህ ቤት ሁሉ ነገሯ ታጥቧል። ልብሷን አጥባችሁ ሰጣችሁ፣ አንሶላው ታጠበ፣ ኩባያዋ ታጠበ። ሳትታጠብ የቀረችው እዚህ ላይ ብቻ ነበር።”

“ታዲያ ‘የሚያጠፋልኝ ባገኝ’ ስትል… አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?”

“የምንጣላበት እሱ ነበር። እሷ ሄዳ እኔም ዝም ካልኩ ጠቡ ያልቃል። እንዲያልቅ አልፈለግሁም።”

ልጅቷ አለቀሰች፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አባቷ ፊቷን ሳይሆን እጇን ሲያዩ ቆዩ። የእናቷ እጅ ነው፤ አጭር ጣት፣ ሰፊ አውራ ጣት።

“እጅሽ ምን ነክቷል?” አሉ።

“ሽንኩርት። ጨውም ዘይትም ነክቷል። ቆይ ልታጠብ።”

“አትታጠቢ።”

ሳንቲሙን ዘረጉላት። እሷም የልጅነት ልማዷ ሆኖ በሁለት ጣቷ ዳርና ዳሩን ያዘችው።

“በጠርዙ አይደለም” አሉ ጋሽ በጠርዙ። “ፊቱን። አውራ ጣትሽን ሸራዋ ላይ አሳርፊ።”

አሳረፈች።

“ጫን አድርጊ። እሷ የነካችው በስሱ አልነበረም።”

መዳብ ቂመኛ ነው ብለናል። ሳንቲሙ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም አላለም። ጋሽ በጠርዙ በየጠዋቱ ያወጡታል፣ ወደ መስኮቱ ያዘነብሉታል፣ “ገና ነው” ብለው ይመልሱታል። ልጅቷ ከረጢቶቹን ማምጣት አላቋረጠችም፤ በሆዷ ግን ጣቱ እስኪወጣ ዕድሜ እንዲሰጣቸው ትለምናለች።

ክረምቱ ሲወጣ ወጣ። እንደ እናቷ አይደለም፤ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ዛሬ እንግዳ ሆናችሁ ብትሄዱ፣ እጃችሁን አስታጥበው፣ ጓንት አስጠልቀው፣ ወደ ጎን እያወራችሁ ባለ መርከቡን ያሳዩዋችኋል። “ይህችን ጣት የሚያጠፋልኝ ባገኝ ምን ነበረበት!” ይላሉ፣ ኩሽና እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ልጅቷ ከዚያው ሆና “ፊርማ አይጠፋም!” ትላለች። ወርቅ ሠሪው ባሏ ግን ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ጣራ ጣራውን ያያል።